ዕዳው 12 ሺህ፣ ጣሪያው 4 ሺህ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሱቅ ከፍተው፣ ምግብ ቤት አቋቁመው ወይም ታክሲ እየነዱ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የክሬዲት ካርድ ዕዳ እንግዳ ነገር አይደለም። የሱቁ ዕቃ፣ የመኪናው ጥገና፣ ለአገር ቤት ሠርግና ሐዘን የሚላከው ገንዘብ ሲደራረብ ካርዱ ከኪስ ይወጣል። ችግሩ የሚታወቀው የወሩ ሒሳብ መግለጫ ሲመጣ ነው። የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ የወለድ ምጣኔውን ደጋግሞ ከፍ ካደረገ ወዲህ የካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ወጥቷል። በዚያው በ2023 አጋማሽ የአሜሪካ ቤተሰቦች የካርድ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ትሪሊዮን ዶላርን አልፏል።

ለዚህ ችግር ባንኮቹ ራሳቸው የሚያቀርቡት መፍትሔ የዕዳ ማዛወሪያ ካርድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ባንክ ደንበኛው በሌላው ባንክ ያለበትን የካርድ ዕዳ ከፍሎ ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር፣ ወለድ አይጠይቅበትም። በምትኩ ከሚዛወረው ገንዘብ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ክፍያ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። ማስታወቂያው ዜሮ በመቶውንና የወሩን ብዛት በትልልቅ ፊደል ያወጣል። የማይጠቅሰው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የብድሩ ጣሪያ ነው።

አንድ ነጋዴ በሦስት ካርዶች 12 ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። 6 ሺሁ በ29 በመቶ፣ 4 ሺሁ በ22 በመቶ፣ 2 ሺሁ ደግሞ በ18 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ነው። ይህ ሰው ዕዳውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ዜሮው ካርድ ለማዞር አስቦ ያመለክታል፤ ማመልከቻው ይጸድቃል፤ የተሰጠው ጣሪያ ግን 4 ሺህ ዶላር ብቻ ሆኖ ይገኛል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፊሉ ተናድዶ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ከፊሉ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ሌሎች ሦስት አራት ባንኮች ያመለክታል። ሁለቱም መንገድ ያከስራል።

ለመሆኑ ጣሪያው ለምን ዝቅ አለ? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ባንኩ ካርድ ከመስጠቱም ሆነ ጣሪያ ከማሳደጉ በፊት የደንበኛውን የመክፈል አቅም እንዲያገናዝብ ያስገድደዋል። ከዚህም በላይ ባንኮች የሚጠቀሙበት ፊኮ የተባለው የብድር ነጥብ 30 በመቶው የሚመዘነው በተያዘው ዕዳ መጠን ሲሆን፣ በተለይም ከተፈቀደው ጣሪያ ምን ያህሉ እንደተበላ ይታያል። ነባር ካርዶቹ ሞልተው አፋቸው ላይ የደረሱ ሰው ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ነጥቡ ዝቅ ሲል አዲሱ ጣሪያም ያንሳል። በሌላ አነጋገር ካርዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ያነሰውን ያገኛል ማለት ነው። ይህ ንቀት ወይም አድልዎ ሳይሆን የስሌት ውጤት ነው፤ በስሌት የመጣ ነገር ደግሞ በስሌት ይመለሳል።

የመጀመሪያው ሥራ የተሰጠውን 4 ሺህ በሚገባ መጠቀም ነው። የማዛወሪያው ክፍያ ከጣሪያው ላይ የሚቀነስ በመሆኑ በ3 በመቶ ሲታሰብ ሊዛወር የሚችለው 3,880 ዶላር ገደማ ነው፤ ክፍያው 116 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። አንዳንድ ባንኮች ለማዛወር የሚፈቅዱት ከጠቅላላው ጣሪያ ያነሰ ስለሆነ ይህንን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንድ ባንክ ሁለት ካርዶች መካከል ዕዳ ማዛወርም በአብዛኛው አይፈቀድም።

የሚዛወረው የትኛው ነው? ብዙ ሰው ትንሹን ካርድ ጠቅልሎ መዝጋት ይወዳል፤ ልብን ያሳርፋልና። ኪስን የሚያሳርፈው ግን በ29 በመቶ የሚያስከፍለው ነው። 3,880 ዶላር በ29 በመቶ በወር ወደ 94 ዶላር ወለድ ይበላል። ስለዚህ ለማዛወሪያ የተከፈለው 116 ዶላር ሁለት ወር ሳይሞላ ይመለሳል። የዚህ ነጋዴ የወር ወለድ በጠቅላላው ከ248 ወደ 155 ዶላር ይወርዳል። በየወሩ 500 ዶላር የሚከፍል ከሆነ ቀድሞ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 252 ዶላሩ ብቻ ነበር፤ አሁን 345 ዶላሩ ይሆናል። ሁለት ሦስተኛው ዕዳ ከነወለዱ በቦታው እንዳለ ይህን ያህል ለውጥ ከተገኘ፣ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው ተብሎ ካርዱን መጣል ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው ሥራ የዜሮውን ጊዜ መከፋፈል ነው። ጊዜው 18 ወር ከሆነ 3,996 ዶላሩ ለ18 ሲካፈል በወር 222 ዶላር ይደርሳል። ሒሳብ የሚወድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት እዚህ ላይ ዝቅተኛውን ብቻ እየከፈለ ቀሪውን በ29 በመቶው ላይ ቢያሳርፍ የበለጠ እንደሚያተርፍ ይከራከራል፤ ትክክል ነው። ይሁንና ይህ ስልት የሚሠራው የዜሮው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ለማይረሳ ሰው ነው። ያ ቀን ሲያልፍ የቀረው ዕዳ ወደ መደበኛው ወለድ ይገባል። ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ለሚሮጥ ሰው 222 ዶላሩ በየወሩ በራሱ ከባንክ ሒሳቡ እንዲቀነስ ማድረግ ይሻለዋል።

በዚያ ካርድ ላይ አዲስ ዕቃ መግዛትም አይገባም። የተዛወረ ዕዳ ባለበት ካርድ ላይ የሚደረግ ግዢ፣ ለግዢም ዜሮ ካልተባለ በቀር፣ ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ወለድ ሊቆጠርበት ይችላል። ክፍያ 60 ቀን ከዘገየ ደግሞ ባንኩ የዜሮውን ዕድል ማንሳት ይችላል።

ሦስተኛው ሥራ ጣሪያውን ለማሳደግ መጠየቅ ነው። አመልካቹ ገቢውን በትክክል ሞልቷል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2013 የተሻሻለው ደንብ 21 ዓመት የሞላው አመልካች ሊጠቀምበት የሚችለውን የትዳር ጓደኛውን ገቢ ጨምሮ እንዲሞላ ይፈቅድለታል። የራሱን ብቻ የሞላ ሰው ደውሎ እንደገና እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያው ባንክ ሌላ ካርድ ያለው ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ባንኮች ከአሮጌው ጣሪያ ቀንሰው ለአዲሱ ያሸጋሽጉለታል። ከመጠየቁ በፊት ግን ጥያቄው በብድር መዝገቡ ላይ አዲስ ምርመራ ያስከትል እንደሆነ ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለው ምርመራ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል። በአንድ ሳምንት አራት ባንክ የሚያንኳኳ ሰው አራቱንም መዝገቡ ላይ ያስጽፋል፤ አምስተኛው ባንክ ያንን አይቶ ይበልጥ ይጠነቀቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

ዕዳ የተነሳለትን አሮጌ ካርድ በንዴት መዝጋትም እንዲሁ ነው። ካርዱ ሲዘጋ ጣሪያው አብሮ ይጠፋል፤ የቀረው ዕዳ ከጠቅላላው ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር የባሰ ይሆናል፤ ነጥቡም ይወርዳል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ነው። ካርዱን ሳይዘጉ ከኪስ ማውጣት ብቻ ይበቃል።

ለቀረው 8 ሺህ ዶላር ሌሎች በሮች አሉ። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች፣ ማለትም የብድርና ቁጠባ ማኅበራት፣ ለአባሎቻቸው የሚያስከፍሉት ወለድ በደንብ ከ18 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። 22ና 29 በመቶ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም። ዕቁብም አለ። ቀድሞ የወጣለት ዕቁብተኛ በተግባር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ ያንን ገንዘብ በ29 በመቶው ካርድ ላይ ቢያውለው ማንም ባንክ የማይሰጠውን ትርፍ ያገኛል። ይሁን እንጂ የዕቁብ ዕዳ የሰው ዕዳ ነው። ካርድ ያልከፈለ ሰው የሚጎዳው ነጥቡ ሲሆን፣ ዕቁብ ያልጣለ ግን ዋሱን ያስይዛል፣ ስሙን ያጣል።

ባንኮቹም ከወቀሳ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት የካርድ ማመልከቻ ሁሉ ወለዱንና ክፍያዎቹን በሠንጠረዥ እንዲያሳይ ይገደዳል፤ ሠንጠረዡ ሐሳቡን ባቀረቡት የምክር ቤት አባል ስም የሹመር ሠንጠረዥ ይባላል። ጣሪያው ግን በዚህ ውስጥ የለም። አመልካቹ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ምርመራው በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። ዕዳ ለማዛወር ብቻ የሚፈለግ ካርድ ምን ያህል ዕዳ እንደሚሸከም ሳይናገር መሸጥ፣ የኩንታሉን ክብደት ሳይናገሩ ጤፍ እንደመሸጥ ነው። ቢያንስ ግምቱ ከማመልከቻው በፊት ቢነገር ገዢውም ሻጩም አይጎዱም ነበር።

ነገሩ የአሜሪካ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ በወሰነ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴም ከጠየቀው ያነሰ ብድር መቀበል ምን ማለት እንደሆነ አይቶታል። ገደቡ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ትምህርቱ አላረጀም። ኦቨርድራፍት 10 ሚሊዮን ብር ጠይቆ 3 ሚሊዮን የተፈቀደለት አስመጪ፣ ያንን ገንዘብ በየቦታው ከመበተኑ በፊት ከዕዳዎቹ ሁሉ የሚቆረጥመው የትኛው እንደሆነ ይለይ። የአራጣ ዕዳ ያለበት ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

የተሰጠው ገንዘብ ያነሰ እንደሆነ መጠየቅ ያለበት "ለምን አነሰ?" ብቻ አይደለም። "ይህ ትንሽ ገንዘብ የትኛውን ውድ ዕዳ ይገላግለኛል?" የሚለውም ነው። ዕዳዎቹን ከነወለዳቸው በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች የደረደረ ሰው መልሱን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያገኘዋል።