ቢራው፣ ሚኒባሱና ቴዲ አፍሮ

በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ በደሌ ቢራ ከቴዲ አፍሮ ጋር የነበረውን የስፖንሰርነት ውል ሰረዘ። አንድ መጽሔት የዘፋኙን ፎቶ በሽፋኑ ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ የአጤ ምኒልክን ዘመቻ ቅዱስ ጦርነት ብሎታል የሚል ወሬ ፌስቡክን ሞልቶት ነበር። እሱ አላልኩም አለ፤ ማስተባበያውን ግን የተቀበለው ያው ድሮም የሚወደው ሰው ነው። በሌላው ወገን ቢራውን አንጠጣም የሚል ዘመቻ ተነሣ። ቢራው የሚጠመቀው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ስሙም የኦሮሚያ ከተማ ስም ነው፣ ፋብሪካውን ከመንግሥት የገዛው የሆላንዱ ሄኒከን ደግሞ ገና ሦስት ዓመት አልደፈነም። ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። በስሙ ውስጥ «ፍቅር» የሚል ቃል የነበረበት የኮንሰርት ጉዞ በዚያው ቀረ።

ይህን ያነሣሁት ለቢራው ብዬ አይደለም። የቴዲ ስም በተነሣ ቁጥር የምንጨቃጨቀው አለ በተባለው ነገር መሆኑ ስለሚገርመኝ ነው። ለጭቅጭቅ ከሆነ ራሱ የዘፈነው መች አነሰን?

ወዳጆቹን ብትጠይቁ አብዛኞቹ 1997ን ያነሣሉ። ያ የምርጫ ዓመት፣ ያ «ያስተሰርያል» የተባለ አልበም። የርዕሱ ዘፈን «ጃ»ን ከራስታዎች፣ «ያስተሰርያል»ን ከቤተ ክርስቲያን አምጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ ጠባያችን አለመለወጡን ታዝቦ፣ የጎደለው ይቅር መባባል ነው አለ። የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት፤ ታክሲው፣ ካፌውና የሙዚቃ ቤቱ በረንዳ ግን ሌት ተቀን ያስጮኸው ነበር። ሌላው ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ ሲያዜም እሱ የሰው ሁሉ ጉሮሮ ላይ የቆመውን ተናገረ ይላሉ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ለነበረ ሰው ይህን መካድ ይከብደዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የተሳዳጅ ሰማዕት ታሪክ አድርገው ይተርኩታል። ለዚህም ምክንያት አላጡም። በሚያዝያ 2009 «ኢትዮጵያ» ወጥቶ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ በሂልተን ሊደረግ የነበረውን የምርቃት ዝግጅት ፖሊስ ፈቃድ የለውም ብሎ አስቀረው። እንዲህ ያለ ክልከላ ለዘፋኝ ከማስታወቂያ ይበልጣል። ሰውዬው ደግሞ ለቃለ መጠይቅ እጁ የማይፈታ ነው፤ እሱ ዝም ሲል ወዳጁም ጠላቱም በፋንታው ያወራለታል።

የ2001ዱ ፍርድ ግን ሌላ ነው። በመኪና ሰው ገጭቶ በማምለጥ ተከስሶ፣ ክዶ ተከራክሮ፣ ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ሁለት ዓመት ወረደለትና በዚያው ዓመት ነሐሴ ተፈታ። አንዱ ወገን ፖለቲካ ነው ይላል፣ ሌላው ሕግ ነው ይላል። ስለ ሟቹ ሲያወራ የሰማሁት ወገን ግን የለም። ጎዳና ላይ የሚያድር ወጣት ነበር። የቴዲ ዘፈኖች ድሃን የሚያስቡ መሆናቸውን የሚነግሩን ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ወሬ ይቀይራሉ፤ ፍርዱን የሚመዙበትም ቢሆኑ ልጁን የሚፈልጉት ለዱላነት ነው።

ሙዚቃው ራሱ የሚያስከትለው ክርክር ሁሌ በዚህ ጩኸት ይዋጣል። ከባንድ ዘመን የመጡ ሰዎች፣ በሮሃና በዋልያስ ጆሯቸው የተሳለ፣ ቴዲ ኪቦርድ ያበዛል ይላሉ። ሬጌው ከዘፈን ዘፈን ይመሳሰላል፣ ድምፁም እንደ ጥላሁን ገሠሠ ጣራ የሚነካ አይደለም። እኔም ግጥሙን አውጥታችሁ ቅንብሩን ብቻ ብታሰሙኝ አንዳንዶቹን ለመለየት እቸገራለሁ። ብቻ ግጥሙን ከቴዲ ማውጣት በርበሬን ከዶሮ ወጥ እንደማውጣት ነው።

«ማር እስከ ጧፍ»ን ውሰዱ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ጀምሮ ከመደርደሪያ አልወረደም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰማ ትውልድ በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቀዋል። ቴዲ ያን ርዕስ ወስዶ በፍቅር ቦታ ማርን፣ በመቃብር ቦታ ጧፍን አስቀመጠ። ማሩ ይበላል፤ ሰሙ ቀርቶ ጧፍ ይሆንና በመጨረሻ ሲነድ ይታያል። በሁለት ስም የአንድን ቀፎ ዕድሜ ነገረን፣ ሰሙንም ወርቁንም ከዚያው ከቀፎው አወጣ። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ የአሥራ ስድስት ዓመት የአክስቴ ልጅ ሰብለ ወንጌል ማን ናት ብሎ የጠየቀኝ በዚህ ዘፈን የተነሣ ነው። ይህን የሠራ ሰው ኪቦርድ ቢያበዛ እኔ እታገሠዋለሁ።

ከባዱ ያለው «ጥቁር ሰው» ላይ ነው። በ2004 ሲወጣ የአድዋን ድል፣ ምኒልክንና ባልቻን ለአዲስ ትውልድ አፍ አበቃ። አድዋ የዘመተው ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ጉራጌው፣ ወላይታው ነው፤ ታዲያ ድሉን ማወደስ ማንን ያስቀይማል? የወዳጆቹ ጥያቄ ይህ ነው፤ የዋህ ጥያቄም አይደለም።

ለአርሲ ልጅ ግን ምኒልክ የሚጀምሩት ከ1888 አይደለም። ከአድዋ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ ጦራቸው አርሲ ነበር። የበደሌ ውል በተሰረዘ በሦስተኛው ወር ሄጦሳ ላይ የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ፤ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። የታሪክ ሰዎች በአኖሌ ዝርዝር ይከራከራሉ፤ ዘመቻው ደም ያፈሰሰ መሆኑ ግን ሐውልት አላስፈለገውም፣ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲነገር የኖረ ነው። ያን እየሰማ ላደገ ሰው «ጥቁር ሰው» ግማሹ የጎደለ ዘፈን ነው። ይህን ስሜት ምቀኝነት ወይም ዘረኝነት ብሎ ማለፍ አለመስማት ነው።

እኔ አድዋን መዝፈን መብቱ ነው ባይ ነኝ። ዘፈን የሁሉንም አያት ቅሬታ እየመዘገበ ቢሄድ ዘፈንነቱ ይቀራል። የማይዋጥልኝ የወዳጆቹ ሁለት ሚዛን ነው፤ ሲያመሰግኑት የታሪክ መምህር ነው ይሉታል፣ ሲወቀስ ደግሞ ዘፈን እኮ ነው ይላሉ። ወቃሾቹም ቢሆኑ ዘፈኑን ትተው አላልኩም ባለው ንግግር ነው የከሰሱት። እነሱም በተራቸው ይህን ቀምሰውታል። የኦሮምኛው ዘፋኝ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማለን ጅራ» ለብዙ ኦሮሞ የልብ እንባ ሲሆን፣ ቋንቋውን የማይሰማ ሌላ ሰው ዛቻ ሆኖ ሰምቶታል። ሃጫሉ ሰኔ 22፣ 2012 ተገደለ፤ ከቀብሩ በፊት እንኳ ሰዉ የተከራከረው በግጥሞቹ ሳይሆን በመጨረሻው ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ምኒልክ ሐውልት በተናገረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከቃሊቲ ወደ አዳማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። የሹፌሩ ፍላሽ የተደበላለቀ ነው፤ ፈጣን መንገዱን እንደያዝን «ጥቁር ሰው» መጣ። ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት «ሹፌር፣ እባክህ ቀይርልን» አለች።

ጋቢና የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር አሉ። «ምን አደረገሽ ልጄ? አድዋ እኮ ነው።»

«ለእርስዎ አድዋ ነው አባባ» አለች። ድምጿን አላነሣችም።

ረዳቱ ብር መቁጠሩን አቆመ። ሹፌሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጣቱን ሰደድ አደረገና ዘለለው። ቀጥሎ የመጣው «ማር እስከ ጧፍ» ነበር። ሁለተኛ ቀይር ትለው ይሆን ብዬ በመስታወቱ አየኋት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፣ ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል።

መክፈያው ጋ ቆመን ወረፋ ስንጠብቅ ሽማግሌው ወደ ሹፌሩ ጠጋ አሉ። «ያንን አሁን መልሰው እንጂ።»

«ፍላሹ ዞሮ ሲደርስበት አባባ» አላቸው።

ሳይደርስበት አዳማ ገባን።