ጭፍራን የበተነ ደብዳቤ

«የድሮው መንግሥታችን በነጋሪትና በአዋጅ ነጋሪ ቃል ተዳደረ እንጂ በወረቀት አልተዳደረም፤ ሹማምንቱ የተጻጻፉትም ደብዳቤ ግማሹ ሰላምታ፥ ግማሹ የማዕረግ ዝርዝር ስለ ሆነ ለታሪክ ፈላጊ የሚሰጠው ፍሬ የለም» የሚለውን አባባል ከተማረውም ካልተማረውም አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በቅርቡም ዲላ ላይ በአንድ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ፥ ታሪክ በማስተማር የሸበተ ሰው ይህንኑ ሲናገር፥ በዙሪያው የተቀመጡትም ሁሉ «እውነት ነው» እያሉ ሲያጸድቁለት ባየሁ ጊዜ ዝም ማለት ከበደኝ። አባባሉ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም ቀላል አይደለም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፥ ለፍርድ አፈ ንጉሥ ነሲቡን፥ ለጦር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን፥ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን ከመምረጣቸው ጋር፥ ለጽሕፈት ብቻ የቆመ ሚኒስቴር አቋቁመው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን በላዩ እንዳስቀመጡ አንባቢ ያውቀዋል። ወረቀትን የናቀ መንግሥት ለብዕር ሚኒስትር አይሾምለትም። ጳውሎስ ኞኞ የሰበሰቧቸውን የንጉሠ ነገሥቱን የአገር ውስጥ ደብዳቤዎች ያነበበ ሰውም የአንድ መንግሥት የዕለት ተዕለት ትንፋሽ፥ ግብሩም፥ የመሬት ክርክሩም፥ የሹም በደሉም፥ በዚያው በተናቀው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ያገኘዋል።

«ግማሹ ሰላምታ ነው» ለሚሉት ደግሞ የምመልሰው፥ ሰላምታው ራሱ አስተዳደር ነበር ብዬ ነው። ከራስጌው ሞዓ አንበሳ የሚለው ማኅተም፥ ቀጥሎ የጸሐፊው ስመ መንግሥት፥ ከዚያ «ይድረስ ከ» ብሎ የተቀባዩ ማዕረግ፥ በግርጌውም የተጻፈበት ከተማና ቀን ተሟልተው ሲገኙ፥ ማን ለማን፥ በምን ሥልጣን፥ መቼና የት ሆኖ እንዳዘዘ ያለ ክርክር ይታወቃል፤ ሹሙም ከዚያ በኋላ «አልደረሰኝም» ወይም «እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» የሚልበት በር ይዘጋበታል። አዋጅ ነጋሪ የተናገረው ቃል ነፋስ ይወስደዋል፤ በማኅተም የታሰረው ግን አዛዡንም ታዛዡንም ያስራል።

ደብዳቤን የአስተዳደር መሣሪያ ማድረግ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ገና በተመሠረተ ጊዜ የፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሚኒስትሮች የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ሊመልሱ ካሰቡት መልስ ጋር ለፕሬዚዳንቱ እየላኩ ያስመረምሩ ነበር፤ ከእነዚያ ሚኒስትሮች አንዱ የነበረው ጄፈርሰንም እርሱ ራሱ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1801 ለሚኒስትሮቹ በጻፈው ተዘዋዋሪ ደብዳቤ ያንኑ ሥርዓት አስታውሶ እንዲጸና ጠየቀ። የዚያን አገር ታሪክ ጸሐፍት ይህን የመሰለውን ደረቅ የሥራ ጦማር እንደ ጦር ሜዳ ታሪክ አክብረው ያጠኑታል፤ እኛ ግን የራሳችንን «ሰላምታ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን ምድር እንመለስ። ዲላ፥ ይርጋ ጨፌና ኢዲዶ ያሉበት የጌዴኦ ምድር በሲዳሞ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን ከገዙት አንዱ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው። በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ ሲጠሯቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጭፍራ አስከትለው መጡ፤ በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ተቀምጠው ሳሉ ሠራዊታቸው ተበተነ፤ ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ሕዝቡ ይህን ታሪክ የሚያወራው ስለ ግብሩ፥ ስለ ጠጁና ስለ ብልጠቱ ነው፤ ሁልጊዜም የሚያስደንቀው ያ ሁሉ የታጠቀ ሰው አንድ ጥይት ሳይተኩስ እንዴት በአንድ ቀን እንደ ጉም ተነነ የሚለው ነው። እኔ ግን የሚደነቀው ሌላ ነው እላለሁ። በዓድዋ መድፍ ላይ የቆሙትን ጀግና ጭፍራቸው የተዋቸው በፍርሃት አልነበረም። ያ ወታደር ደመወዙን የሚበላው ከሲዳሞ ገባር ነው፤ ማደሪያው፥ ቤቱ፥ ሚስቱና ልጆቹ ያሉት እዚያው ነው፤ የገባሩም ድልድል የሚጸናውና የሚሻረው በአገረ ገዢው ሥልጣን ነው። እንግዲህ የሲዳሞ ሹመት ከባልቻ እጅ ወጥቶ በብሩ እጅ ከገባ፥ በአዲስ አበባ ዳርቻ በድንኳን ውስጥ ያለው ወታደር ጌታውን ቢከተል እንጀራውን ያጣል፤ ሹመቱን ቢከተል ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወታደሩ ሹመቱን ተከተለ። ጭፍራውን የበተነው ጠጅም ብርም ሳይሆን አንድ የሹመት ቃል ነው፤ ያም ቃል ሲዳሞ ላይ የሚጸናው ተጽፎና ታትሞ ነው። በነጋሪት ይተዳደር ነበር የሚባለው መንግሥት፥ በነጋሪት የሚመካውን ታላቅ መኰንን ያሸነፈው በቀለም ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የጌዴኦ ገበሬ ማንም አልጠየቀውም። ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ሆኖ፥ ትናንት ለአንዱ ይገብር የነበረው ዛሬ ለሌላው እንዲገብር ተነገረው፤ ስሙ እንኳ በመዝገቡ ላይ እርሱ ራሱን በማይጠራበት «ደራሳ» በሚል ቃል ተጻፈ። ይህን በደል ለማስረዳት ግን ከዚያው ከመዝገቡ የሚበልጥ ምስክር የለም፤ በዳዩ በገዛ እጁ ጽፎ፥ በገዛ ማኅተሙ አጽድቆታልና።

«ጌዴኦ በሶንጎው ሸንጎና በአባ ገዳው ቃል ያለ ወረቀት በፍትሕ ኖሯል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፥ አከብረዋለሁም። ነገር ግን ሶንጎ ፊት ለፊት ለሚተያይ ሕዝብ የተሠራ ነው፤ ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ የተቀመጠውን ሹም በሶንጎ ጥላ ሥር አስቀምጦ መጠየቅ አይቻልም። እርሱን የሚይዘው የጻፈው ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ መከራከር አያስፈልግም።

ገበሬው ራሱ የወረቀትን ዋጋ ከእኛ ከተማርነው አስቀድሞ አውቆታል። ኢዲዶ ላይ፥ ቡናው ተለቅሞ ባለቀበት ወር፥ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ አዛውንት ከቤታቸው ጓዳ የቆዳ ከረጢት አውጥተው በጨርቅ የተጠቀለሉ የንጉሡን ዘመን የግብር ደረሰኞች አንድ በአንድ ሲዘረጉልኝ አይቻለሁ። ምን እንደሚል አንብበው አያውቁም፤ ነገር ግን አባታቸው ሲሞቱ «ይህን ከቡናው ይልቅ ጠብቅ» ብለዋቸዋል። ጥልያን ሲገባና ሲወጣ፥ ደርግ ሲመጣና ሲሄድ ከረጢቱ ከዚያ ጓዳ አልወጣም። በ1952 ዓ.ም. በጌዴኦ ምድር ሚችሌ ላይ የቡና ገበሬዎችና ባለ ርስቶች ሲጋጩ ስለ ፈሰሰው ደም የሚጠይቅ ሰው፥ መንሥኤውን በጦርና በጠመንጃው ወሬ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም፤ በግብር መዝገብ፥ በፍርድ ቤት ውሳኔና በአቤቱታ ወረቀት ውስጥ ቢፈልግ ግን ያገኘዋል።

ስለዚህ አንተ የጌዴኦ ልጅ፥ አባትህ ወይም አያትህ ትተውልህ የሄዱት ወረቀት ካለ ለሱቅ መጠቅለያ አትስጠው፥ ለእሳትም አትጣለው። ቀኑን፥ ማኅተሙን፥ የጻፈውንና የተጻፈለትን ሰው ስም ለይተህ በደብተር መዝግብ፤ ማንበብ ቢያቅትህ ማንበብ ለሚችል አሳይ፤ አዲስ አበባ ካለው ቤተ መዛግብት ሰዎች ጋርም ተነጋገር። ዝናም ከመግባቱ በፊት አድርገው፤ የጓዳችን ጣራ እንደሚያፈስ አንተም ታውቃለህ።