አልፎ ስለሚሄድ ትኩሳት ለቤተ ሰብ የተሰጠ ምክር

በቤተ ሰብ መካከል አንድ ሰው ባተኰሰው ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር «ወባ ይሆንን? ወይስ ጉንፋን?» የሚል ነው። ይህም አሳብ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በቆላው አገር ወባ ይበረታል፥ የደጋውም ብርድ ጉንፋን አያጣምና። ነገር ግን በዚህ ልማድ ተሸፍኖ የሚያልፍ፥ ስሙም በቤት ውስጥ የማይነሣ ሌላ ትኩሳት አለ። ይኸውም የኤች አይ ቪ ቫይረስ ወደ ሰውነት በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ቫይረሱ ወደ ደም ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እጅግ ይበዛል። ሰውነትም ባዕድ እንደ ገባበት ዐውቆ ሲዋጋ ትኩሳት ይነሣል። አንዱን ሰው በብርቱ ያተኵሰዋል፤ ሌላውን ግን ከ38 ዲግሪ ሳያልፍ ሞቅ እያደረገ ያደክመዋል እንጂ ከአልጋ አይጥለውም። ከዚሁም ጋራ ጕሮሮ ይቈስላል፥ በአንገትና በብብት ንፍፊት ይወጣል፥ ራስና መገጣጠሚያ ይታመማል፥ በገላም ላይ ሽፍታ ይታያል። ይህም ሁሉ በጥቂት ቀን ወይም በጥቂት ሳምንት ውስጥ መድኃኒት ሳይደረግለት ይለቃል። አንዳች ምልክት ሳያይ የሚቀርም ሰው አለ።

እንግዲህ ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ሳይመረመር የወባ መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል፤ ትኩሳቱም የሚለቅበት ቀን ደርሶ በለቀቀ ጊዜ «መድኃኒቱ አዳነኝ» ብሎ ያመሰግናል። ሕመሙ ግን ዝም አለ እንጂ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ሕክምና ካላገኘ፥ ብዙ ዓመት፥ አንዳንዱም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ፥ ጤነኛ መስሎ ሲሠራና ሲሾም ይኖራል፤ ቫይረሱ ግን የሰውነት ዘብ የሆኑትን ነጭ የደም ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይፈጃቸዋል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ ትኩሳቱ የተነሣበት ወራት ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ሰውዬው ሳያውቅ ለትዳር ጓደኛው ለማስተላለፍ የቀረበ መሆኑ ነው።

ይህን ስንል ግንባሩ የሞቀ ሁሉ ይደንግጥ ማለታችን አይደለም። ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ለመፍረድ እንደሚቸግረው፥ በትኩሳትም ብቻ ሊፈረድ አይገባም። ትኩሳት የሚያመጡ ሕመሞች ብዙዎች ናቸውና። ሳል፥ የሌሊት ላብና ክሳት ተጨምሮበት ከ2 ሳምንት በላይ የሚቈይ መጠነኛ ትኩሳት ሲሆን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል። የኤች አይ ቪን ነገር የሚቈርጠው ግን የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራውም ቀን መቍጠርን ይጠይቃል። ከጣት ደም ተወስዶ በቶሎ የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያዘጋጀውን ፀረ አካል ነው። ስለዚህ በትኩሳቱ ሰሞን «የለብህም» ቢባል የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ከተጠረጠረው ቀን አንሥቶ 3 ወር ሲሞላ ሊደገም ይገባዋል። ለሐኪሙም የትኩሳቱን ነገር ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሳምንታት የሆነውን በግልጥ መንገር ይገባል። ከተጠረጠረው ሰዓት ጀምሮ 72 ሰዓት ያላለፈው ሰው ግን ትኩሳት እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ቢደርስ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለና።

በ1978 ዓ.ም. በአገራችን የኤድስ ሕሙማን መጀመሪያ በታዩ ጊዜ መድኃኒት ስላልነበረ፥ ሰው ቢፈራና ቢደብቅ አያስደንቅም ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ይሰጥ ጀመረ። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ሕክምና ካላገኙ እናቶች ከሚወለዱትና ጡት ከሚጠቡት ልጆች ከ100 ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሲያዙ፥ ሕክምናው በጊዜው ሲደረግ ከ100 ከ5 በታች ይሆናሉ። ስለ ክብር ብሎ ዝም ያለ ሰው እንግዲህ የሚያስከፍለው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሚስቱንና የልጁን ጤና ጭምር ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ቢመረመሩ፥ የቤት አባወራም በቤቱ ያተኰሰውን ሰው በቍጣ ሳይመረምር ወደ ሐኪም ቢሰድድ፥ የሰማውንም ምሥጢር ቢጠብቅ መልካም ነው። ትኩሳት በለቀቀ ጊዜ ደስ ይበለን፤ ነገር ግን ምን እንደ ነበረ ሳንጠይቅ አንለፈው።