አመልካቹ አሠሪው ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደብረ ሲና ይቆማል። ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከባሉ፤ ተሳፋሪው እየቆረጠመ ወሬውን ይቀጥላል። ወሬው የአሜሪካ ከሆነ ዲቪ መነሣቱ አይቀርም። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ ዲቪ ከመጣ ወዲህ አንድ ትውልድ ያደገው በዚሁ ልማድ ነው፦ ፎቶ መነሣት፣ ፎርም ማስሞላት፣ ለሞላው ሰው ሒሳቡን መስጠት፣ ከዚያ ዕጣን መጠበቅ።

ያው ሕግ በሥራ በኩል ለሚገኘው ግሪን ካርድም በዓመት 140,000 ያህል ቦታ መድቧል። የሠራተኛው የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚቆጠሩት ከዚሁ ላይ ቢሆንም፣ ቁጥሩ ከዲቪው 55,000 በእጥፍ ይበልጣል። ግን ስለዚህኛው መንገድ አጣርቶ የሚያወራ ሰው ብዙ የለም። ያልታወቀ ነገር ደግሞ ለደላላ ይመቻል። «አሜሪካ ቀጣሪ አለኝ፣ ብቻ ይህን ያህል ብር አዘጋጅ» የሚለው ሰው የዲቪውን ልማድ ወደ ሥራው መንገድ አዙሮ ይነግድበታል።

የሥራው መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሙያቸው ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ጥቂት ሰዎች በራሳቸው ስም ማመልከት ይፈቀድላቸዋል፤ ለተቀረው ሰው አመልካቹ አሠሪው ነው። አሠሪው መጀመሪያ ለሥራው በአካባቢው የሚከፈለውን ደመወዝ በአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያስወስናል። ቀጥሎ ማስታወቂያ ያወጣል፦ በግዛቱ የሥራ ቢሮ ለ30 ቀናት፣ በጋዜጣ ደግሞ በሁለት እሑዶች። ብቁ የሆነ የአገሩ ሠራተኛ ካልተገኘ ፐርም የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባል። የዚህን ደረጃ ወጪ፣ የጠበቃውን ጭምር፣ አሠሪው ራሱ እንዲችል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በደንብ ተወስኗል። እንግዲህ ሻይ ቤት ተቀምጦ «የፐርም ክፍያ» የሚሰበስብ ሰው፣ እውነተኛ ቀጣሪ ከጀርባው ቢኖር እንኳ፣ የሚጠይቀው ሕጉ የከለከለውን ገንዘብ ነው።

ፐርሙ ከጸደቀ አሠሪው በ180 ቀናት ውስጥ አይ-140 የተባለውን ፎርም ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያቀርባል፤ ያንን ደመወዝ የመክፈል አቅም እንዳለውም በሰነድ ያስረዳል። ሠራተኛው ራሱ ፎርም መሙላት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ ያውም ተራው ሲደርስ ነው።

ደብረ ሲና ላለችበት ለሰሜን ሸዋ ልጆች ከሁሉም የሚቀርበው በር ነርስነት ይመስላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአስራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ነርሶችንና ፊዚዮቴራፒስቶችን «ሼጁል ኤ» በተባለ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ እጥረቱ የታወቀ ነው በማለት ከጋዜጣ ማስታወቂያው ነፃ አድርጓቸዋል። ሆስፒታሉ በቀጥታ አይ-140 ያስገባል። ለነርሷ የሚቀረው ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተናና የእንግሊዝኛውን ማለፍ፣ ትምህርቷንም አስመርምሮ ቪዛ ስክሪን የሚባለውን የምስክር ወረቀት ማግኘት ነው። ቀላል አይደለም፤ ግን በዕጣ አይወሰንም።

ወረፋው ግን አለ። ተራ የሚቆጠረው በትውልድ አገር ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ እንደ ሕንዳዊው ዓመታት ላይ ዓመታት አይደራረቡበትም። ቢሆንም ነርሶች ያሉበት ሦስተኛው ምድብ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ለአብዛኞቹ አገሮች ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ማመልከቻቸው ከግንቦት 1 ቀን 2020 በፊት የገባላቸውን ብቻ ሲያስተናግድ ነበር፤ በጥቅምት እንደገና ወደ 2021 መጨረሻ ተጠጋ። የሥራው መንገድ በፕሬዚዳንት ፊርማ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የወጣው እገዳ እስከ የካቲት 2021 ቆይቷል። ስለዚህ ተራው የት እንደደረሰ በየወሩ የሚነግረውን የቪዛ ቡለቲንና የኤምባሲውን ማስታወቂያ ሳያዩ ሥራ መልቀቅና ቤት መሸጥ የዋህነት ነው።

እዚህ አገር ግን ሰው የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤን እንውሰድ። አሜሪካዊው አሠሪ ልምድ ከጠየቀ፣ የቀድሞው መሥሪያ ቤት የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት፣ ሠራተኛዋ የሠራችባቸውን ቀናትና የዕለት ተግባሯን ዘርዝሮ መጻፍ አለበት። በብዛት የሚሰጠው ግን «ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2012 በነርስነት አገልግላለች» ብሎ በክብ ማኅተም የሚዘጋ ሁለት መስመር ነው። ዲግሪዋ ላይ ያለው የምረቃ ቀን በፈረንጆቹ ሐምሌ 2015 ነው። የአቆጣጠሩን ልዩነት ያልጠቀሰ ትርጉም የደረሰው መርማሪ፣ ከመመረቋ ሰባት ዓመት ያህል ቀድማ ነርስ የነበረች ሴት ያያል። በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ የአያት ስም በተለያየ ፊደል ከተጻፈ ደግሞ ጥያቄው ይደራረባል። ይህ ሁሉ የሚታረመው መሥሪያ ቤቱ ሳይፈርስና አለቃው ሳይዛወር ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ «ፎርማታችን ይኸው ነው» ብሎ እንደሚሟገት መጠበቅ ነው፤ ከአለቃው ተጨማሪ ደብዳቤ ማጻፍ ግን ይቻላል።

ሌላው አደጋ ዝምታ ነው። ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ካለፈ በኋላ መልእክቱ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ተራ መድረሱ ተነግሮት አንድ ዓመት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ባለጉዳይ ፋይሉ ሊሰረዝ ይችላል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ሕጉ መውጫ ትቷል፤ መዘግየቱ ከባለጉዳዩ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን በሁለት ዓመት ውስጥ ማስረዳት ከቻለ ፋይሉ ይመለስለታል። ኔትወርክ መጥፋቱን በወቅቱ የተዘገቡ ዜናዎችን አያይዞ ማስረዳት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ኢሜይሉን እንዲከታተል ቀድሞ ማስያዙ ግን ይሻላል።