እጁን ፍቱለት!

«ይሄ እጅ የኔ አይደለም» ያለ የስትሮክ ታማሚ አላበደም። ዛርም አልሰፈረበትም። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ከኔ መስማት እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ። ግን እጁ በነጠላ ከአልጋ ብረት ጋር የታሰረ ታማሚ አሁንም አያለሁ። አሳሪው ቤተሰብ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ፤ ጋውን የለበሰውም ያስራል!

ጡንቻው ደህና ሆኖ እጅ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ የሚሠራበት ሁኔታ አለ። አንዱ እጅ የቆለፈውን የሸሚዝ ቁልፍ ሌላው ይፈታዋል። ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ኩርት ጎልድስታይን በ1908 እ.ኤ.አ. የጻፈላት ሴት የገዛ ግራ እጇ አንገቷን ያንቃት ነበር፤ በጉልበት ነው የሚያላቅቁት። እኛ ሰፈር ብትሆን ምን ትባል እንደነበር አስቡት። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን የአንጎል ግማሾች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ሲጎዳ የሚመጣ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ «ግትር ነች» የሚሉት ነገር ነው። ግራ ጎኗ ሽባ የሆነባት እናት «እጅዎን ያንሱ» ሲሏት «አነሳሁት እኮ» ትላለች። ልጆቿ ይጮሁባታል። ካርዷ ላይ «አትተባበርም» ተብሎ ይጻፋል። አትተባበርም?! መጎዳቷን ሊነግራት የሚገባው የአንጎል ክፍል ራሱ ተጎድቶ እኮ ነው። ባቢንስኪ ለዚህ ስም ያወጣው በ1914 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ጋ ስሙ ገና «እልኸኛ» ነው።

ባንድ ጎን ያለው እጅና እግር በድንገት መወራጨት ሲጀምርም እንደዚሁ፤ «ለከፋት» ይባልና ቀኑ ይነጉዳል። ነርሶች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ስኳር ለኩ! በጣም ከፍ ያለ ስኳር ብቻውን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ ሲታከም ደግሞ ብዙ ጊዜ ይተዋል።

ፀበል አትሂዱ አላልኩም፣ በኋላ ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ። ፀበሉ ነገም አለ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ግን ባለበት ቦታ እንኳ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ እንደልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ግፊቱም ስኳሩም ራጁም የሚታየው ሆስፒታል ነው።

ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ግራ ጎኗን የማታስተውል እናት አጠገብ በዚያ በኩል የፈላ ጀበና አታስቀምጡ፤ ስታዋሯት ግን ቀስ እያላችሁ ፊቷን ወደ ግራ እንድታዞር አድርጓት። ያልታዘዘውን እጅ ከማሰር የሚጨብጠው ነገር ስጡት፣ ከዘራም ይሁን የተጠቀለለ ፎጣ። ብዙ ጊዜ ይረጋል።