አጣጥና የጡት ካንሰር

ከአርቦዬ እስከ አሰላ በአርሲ ደጋ ያደገ ሰው አጣጥን ያውቀዋል። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይባላል። እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ይታጠርበታል፣ ይማገዳል፣ ቅጠሉንም ለመድኃኒት የሚወቅጡ አሉ። ይህ ተክል ከጡት ካንሰር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል።

ከአገራችን የተለቀመ የአጣጥ ዝርያ አሜሪካ ተልኮ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው መረመሩት። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) ሜይታንሲን የተባለ ቅመም ከውስጡ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ቅመሙ የካንሰር ሕዋስ እንዳይራባ አግዶ ይገድለዋል። ከአንድ ኪሎ ተክል የወጣው ግን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም ነበር።

ታዲያ ለምን ወዲያው መድኃኒት አልሆነም? ቅመሙ መርዝ ነዋ! ጤነኛውንም ሕዋስ አይምርም። በሕሙማን ላይ ሲሞከር ብርቱ ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አስከተለ፤ ካንሰሩን ግን እንደታሰበው አላሸነፈም። ሙከራው ቀረ። ነገሩ እንደገና የተነሣው መርዙን ተሸክሞ ካንሰሩ ዘንድ የሚያደርስ ፕሮቲን ሲገኝ ነው። ከሜይታንሲን የተበጀው ቅመም ትራስቱዙማብ ከተባለው መድኃኒት ጋር ተያይዞ በየካቲት 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። አርባ ዓመት ሙሉ! ያውም ለሁሉም ሕመምተኛ አይሆንም፤ ከአምስት ለአንዷ ያህል በሚገኘው የካንሰር ዓይነት ብቻ ይሠራል። ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። መነሻው ቅመም ዛሬ ከአጣጥ አይለቀምም፣ በፋብሪካ ከሚረባ ረቂቅ ተሕዋስ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን «ቅጠሉማ ከጓሯችን አለ» የምትል እናት እንዳትኖር ነው። በድስት የፈላ ቅጠል መጠኑ አይታወቅም፣ የሚያደርሰውም ፕሮቲን የለውም።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለማያም ይተዋል፤ ቅጠል ይለጠፍበታል፤ «ለሰው ምን ብዬ አሳያለሁ» ይባላል፤ ክረምቱ ያልፋል። ብዙዎቹ እናቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የሆነው በዚህ ነው። በጡት ወይም በብብት እብጠት ያገኘች፣ የጡቷ ቆዳ የተጨማደደ ወይም የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ የገባ፣ ደም ያዘለ ፈሳሽ ያየች እናት በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይልኳታል። ቅጠል ጠጥታ ከሆነም ሳታፍር ለሐኪሙ ትንገር። ጉበት የሚጎዱ ተክሎች ስላሉ ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።