የተከራይ ክረምት

«ክረምት ሲገባ ቤቴ እስር ቤት ይሆንብኛል። ከሥራ ስመለስ ዝናቡ በር ይዘጋብኛል። ቴሌቪዥን የለኝ፣ ከበላዬ ፎቅ የሚኖሩት አከራዬ ደግሞ ‹እንግዳ አታብዛ› ብለውኛል። ስለዚህ የማመሸው ቢራ ቤት ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ግን የኪራዩ ገንዘብ ይጎድልብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ይህን የጻፈልን አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነው። ወንድሜ፣ ያንተን ክረምት እኔም ኖሬበታለሁ! ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያ እያየሁ የገፋኋቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። እስቲ ኪስህን የማያራቁቱ፣ ከአከራይህም የማያጋጩህ ጥቂት ዘዴዎች ልንገርህ።

አንደኛ፣ የቡና ተራ። ፎቅህ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች አንኳኳ። እሁድ ከሰዓት አንዱ ቡና፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ቆሎ ያዋጣ፤ ቤቱም በየተራ ይሁን። ታዲያ አከራይህን ቀድመህ ጥራቸው! አቦል የጠጣ አከራይ «እንግዳ በዛ» ለማለት አፉ ይተሳሰራል።

ቡና ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ አራት ጓደኛሞች በተከራየኋት አንዲት ክፍል ካርታ እንጫወት ነበር። ብርዱ አይጣል ነው። በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን፣ ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ መሀል አስቀምጠን እንሞቃለን። ጭሱ ስላለቀ ምንም አልጠረጠርንም። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ፤ ከጨዋታው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ አንዱ «እንቅልፌ መጣ» ብሎ ጋደም አለ። ኋላ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳውና ወለሉ ላይ ተዘረረ! በዚህ መሀል በሩን በርግደው የገቡት አከራያችን ናቸው፤ «መብራት ታበዛላችሁ» ብለው ሊቆጡን መጥተው። «እናንተ ልጆች፣ ልታልቁ ነው እንዴ?» እያሉ ጎትተው ዝናቡ ላይ አወጡን። ጓደኛችን ሐኪም ቤት አድሮ ተረፈ።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቢቀላ እንኳን መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቅር፤ ለሙቀት ብለህ ክፍልህ ውስጥ ይዘኸው እንዳትተኛ። ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማህ ቶሎ ወደ ውጪ!

ሁለተኛ፣ ጨዋታ። ኮንከር ለመጫወት ካርታ ብቻ ይበቃል። ለዳማ ደግሞ ካርቶን ላይ መስመር አስምርና ቆርኪ ሰብስብ፤ ግማሹን ገልብጠህ ግማሹን አቅንተህ ስትደረድረው ጠጠሩ ተለየልህ ማለት ነው። ውርርዱ ግን ገንዘብ አይሁን። የተሸነፈ ሲኒ ይጠብ!

ሦስተኛ፣ ንባብ። መብራት በጠፋበት ምሽት ሻማ አብርታችሁ አንድ ልቦለድ በየተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ነበር። እናንተስ አንድ ምዕራፍ ያቅታችኋል? ብቻህን ማንበብ ካማረህም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ አለልህ። ከዚያ ወደ ላይ አምስት ኪሎ ብቅ ካልክ ደግሞ የድንቅነሽ ቤት ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ጥሩ መጠለያ ናቸው።

አራተኛ፣ የቆርቆሮ አትክልት። ባዶ የዘይት ጣሳ ከሥሩ ብሳ፣ አፈር ሙላና በረንዳህ ላይ ጤና አዳም ወይም የጥብስ ቅጠል ትከል። የክረምት ቡቃያ ቶሎ ይይዛል። ደግሞ ቤት ስትለቅ ተሸክመኸው ትሄዳለህ!

አየህ ወንድሜ፣ እኛን ያተረፉን የፈራናቸው አከራይ ናቸው፤ ያውም ለቁጣ መጥተው። አንተ ግን ሰው እስኪቆጣህ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ቢራ ቤት ከመሄድህ በፊት ፊት ለፊትህ ያለውን በር አንኳኳ። ማን እንደሚኖርበት እንኳ አታውቅም አይደል? እስከ ነሐሴ 13 ከተዋወቃችሁ፣ ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» እያሉ የሚመጡትን የግቢውን ልጆች አንድ ላይ ትቀበሏቸዋላችሁ።

መልካም ክረምት! ሳምንት እንገናኝ።